የዳቦ ማሽኑን ማን ወሰነው?

እኔ መጠየቅ የምወድ፣ መናገር የማልወድ ሴት ነኝ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም የምትሉ ካላችሁ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ወሬኛ ፊት ለፊት ዝም ብላችሁ ተቀመጡና ሞክሩት። እናንተ ዝም ባላችሁ መጠን እሱ ይጨምራል። ሳትጠይቁት የአማቱን ሕመም፣ የበሬውን ጠባይ፣ ያልተዋጠለትን ስብከት ሳይቀር ዘርዝሮ፣ ሲወርድ «ጥሩ ተጫወትን» ብሏችሁ ይሄዳል። በዚህ ጠባዬ የተነሳ ምርምር የሚባለው ነገር ለእኔ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ደብረ ታቦርን ዳቦ ያሳጣኋትም በዚሁ ምርምር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ የማታ ተማሪ ሆኜ ስለ ሦስት ማዕዘን ጎኖች እጨነቅ ነበር። እንደምንም ተጎትቼ ዲግሪዬን ያዝኩና አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጠርኩ። እዚያ መጽሐፍ እየደረደርኩ፣ የተዘለለ አራት ነጥብ ባገኘሁ ቁጥር በእርሳስ እየመለስኩ ስኖር፣ ዩኒቨርሲቲው የቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመረ ተባለ። ተመዘገብኩ። ባለቤቴ «ደግሞ ለምንሽ?» አለኝ። «ለማወቅ» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። እሱን ገና አላወቅሁትም ነበር።

ምኑን እንደሆነ የነገረኝ አማካሪዬ ነው። አማካሪዬ ከደቡብ የመጣ፣ የበኩር ልጄ እኩያ የሚሆን መምህር ነው፤ ብርዳችን ስላስመረረው ክፍል ውስጥም ቢሆን የአንገት ልብሱን አይፈታም። «እትዬ» አለኝ፣ ከአንገት ልብሱ ውስጥ፤ «የእርስዎ ርዕስ ቴክኖሎጂና የውሳኔ አሰጣጥ ይሁን። አንድ ድርጅት አዲስ ማሽን ለመግዛት እንዴት ይወስናል? ሐሳቡን ማን ያነሳዋል? ማን ይመዝነዋል? የመጨረሻውን ቃልስ ማን ይናገራል? የቢዝነስ መሪዎችን ለየብቻ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ።»

ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ፤ በደስታ። ዕድሜዬን ሙሉ የተወሰነ ነገር እንጂ ሲወሰን አይቼ አላውቅም። መንገድ በጓሯችን ያልፋል ይባላል፤ ያልፋል። ገበያው ይነሳል ይባላል፤ ይነሳል። አንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ «ይሁን» ያለበት ቅጽበት መኖር አለበት አይደል? ያችን ቅጽበት ባያት ብዬ ተመኘሁ።

ችግሩ የቢዝነስ መሪ ማግኘቱ ላይ ነበር። ነጋዴ ሞልቷል። አንዱን የእህል ነጋዴ «እርስዎ እንደ አንድ የቢዝነስ መሪ…» ብዬ ብጀምርለት፣ ከኋላው ማን እንደቆመ ለማየት ዞረ። ሌላው ደግሞ «መሪ እንኳ አይደለሁም፤ ግብሬን ግን ከፍያለሁ» ብሎ ደረሰኙን ሊያመጣልኝ ተነሳ። በመጨረሻ አንድ የዳቦ ድርጅት አገኘሁ። የባለቤቶቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ ዳቦ ቤት ያልኳችሁም እውነት ዳቦ ቤት ይሁን አይሁን አልነግራችሁም። (ዳቦ ቤት ነው።)

ባለቤቶቹ ሦስት ናቸው። ጋሽ አስማረ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ዳቦ ቤቱን ያስተዳድራሉ። እትዬ የሺ አንበሳሜ ሆነው ስንዴ እየገዙ፣ በገዛ ወፍጯቸው እያስፈጩ ዱቄት ይልካሉ። ሐሙሲት የሚኖረው ጌጡ ደግሞ በጭነት መኪናው ዱቄቱን ወደ ደብረ ታቦር፣ ዳቦውን በየመንገዱ ወዳሉት ከተሞች ያመላልሳል። ሦስቱ ከተሻረኩ ጀምሮ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጨዋነታቸው ሌላ ነው። በር ላይ ሲገናኙ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ» ሲባባሉ ምድጃው ላይ ያለው ዳቦ ያራል ይባልላቸዋል። በዚያ ሰሞን እነዚህ ሰዎች በአንድ በኩል ዱቄት ጎርሶ በሌላው በኩል የበሰለ ዳቦ የሚያወጣ ማሽን ሊገዙ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ውሳኔው ገና ትኩስ ነው ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ምን እፈልጋለሁ?

መጀመሪያ ጋሽ አስማረ ዘንድ ሄድኩ። በዱቄት የነጣች ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ለመቅጃ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና የፈቃደኝነት ቅጹን ሰጠኋቸው። ቅጹ ላይ፣ የሚናገሩት ነገር በምስጢር እንደሚያዝና ለማንም እንደማይነገር ተጽፏል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ለማንም ይላል» አሉ።

«አዎ፤ ለማንም።»

«ለሚስቴም?»

«ለሚስትዎም።»

«ለየሺና ለጌጡስ?»

«ለነሱማ ጭራሽ።»

ተነስተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ እንኳ እንድጠይቅ አልጠበቁኝም። «እህቴ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ይኸን ማሽን አልፈልገውም!»

«ታዲያ ለምን ይገዛል?»

«ጌጡ ፈልጎት ነዋ! አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ሄጄ ሳለ ሻጩ ልጅ ‹ኑ ጋሼ፣ ከማሽኑ አጠገብ ይቁሙ› ብሎ ለመነኝ። ፊቴን ላጥቁርበት? ቆምኩለት፤ ፎቶ አነሳኝ። ፎቶውን ለሁለቱም ላክሁላቸው። ጌጡ ሲያየው ‹ሸጋ ነው› አለኝ። ‹ሸጋ ነው› ያለን ሰው ምን ትይዋለሽ? መብራት በጠፋ ቁጥር ያ ሁሉ ብረት ድርቅ ብሎ ሲቀር ማን ያቦካል ብዬ ሌሊት ሌሊት እጨነቃለሁ። ግን የልጁን ልብ እንዴት ልስበር?»

ከዚያ ስወጣ እየተንሳፈፍኩ ነበር። ይኸ ነው ምርምር! አንድ ቅጽ በሩን ዘግቶ የሰውን ልብ ከፈተ።

በማግስቱ ሐሙሲት ወረድኩ። ቀኑ ገበያ ስለነበር ጌጡ ያነጋገረኝ ጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሆነን ነው። እኩያዬ ነው፤ ተጫዋች ነው። ቅጹን ፈርሞ መስኮቱን እስከ አፉ ዘጋው። «እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ? ማሽኑን አልፈልገውም። የሚያወጣውን ዳቦ ሁሉ እኔ የት አደርሰዋለሁ? ጣና ላይ እበትነዋለሁ? ግን እትዬ የሺ ፈለጉት። ባለፈው ‹ሊጥ እጅ ያደክማል› ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ናቸው፤ እኔ ‹አይሆንም› ልበላቸው?»

ይኼኔ ብዕሬን አቆምኩ። ጋሽ አስማረ ማሽኑን የፈለገው ጌጡ ነው ይላሉ። ጌጡ ደግሞ እትዬ የሺ ናቸው ይላል። የማወቅ ጉጉቴ እንደ ቡሄ ጅራፍ ጮኸ፤ ወደ አንበሳሜ የሚሄድ መኪና ለመፈለግ ልወርድ ስል ግን ጌጡ መልሶ አስቀመጠኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ጋሽ አስማረ ምን አሉሽ?»

«መናገር አልችልም፤ ምስጢር ነው።»

«ስለኔ የተነሳ ነገር አለ?»

«እሱንም መናገር አልችልም።»

«ክፉ ነው ማለት ነው።»

«ክፉ አላልኩህም!»

«ጥሩ ቢሆን ትነግሪኝ ነበራ። ጥሩ ነገር ማን ይደብቃል?»

እስቲ እናንተ መልሱለት። እኔ በለመድኩት መንገድ ዝም አልኩ። «ዝም አልሽ!» አለ፣ መሪውን በመዳፉ እየመታ፤ «በጣም ክፉ ነው ማለት ነው!»

አንበሳሜ ስደርስ ወሬው በስልክ ቀድሞኛል። እትዬ የሺ የስንዴ ክምር መሐል ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታቸው እንኳ ግማሽ ነበር። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጭ። አስማረ ስለ ጌጡ አፍ የማይደፍረው ነገር ተናገረ አሉ። ስለኔስ ምን አለ?»

ቅጹን አወጣሁ። ምስጢር የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። አነበቡት፤ እኔንም አነበቡኝ። «ስለኔም ብሏል ማለት ነው» አሉና ፈረሙ። እሳቸውም ጎተራውን መለስ አድርገው የተናገሩትን እንግዲህ ሳትገምቱ አትቀሩም። «እኔ ዱቄቴን አውቀዋለሁ። የደጋው የገሳይ ስንዴና የዚህ ቆላ ስንዴ አንድ ዓይነት ሊጥ አይወጣቸውም፤ እጅ ነው የሚለየው። ማሽን ምን ያውቃል? ግን አስማረ ልቡ ሸፍቷል። አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ላከልኝ እኮ! ሰው ከማይፈልገው ነገር ጋር ፎቶ ይነሳል?»

ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። አስቡት እስቲ። ሦስት ሰዎች አንድም የማይፈልጉትን ማሽን ሊገዙ ነው፤ ሦስቱም የሚገዙት ለሌላው ብለው ነው። ይህን የማውቀው በምድር ላይ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ መናገር አልችልም። አንዲት ቃል ብተነፍስላቸው ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር።

እኔ አልተነፈስኩም፤ ነገሩ ግን አላበቃም። የኔ ዝምታ ሦስቱ መሐል ገብቶ ያድግ ጀመር። ጌጡ ጋሽ አስማረ ሰደቡኝ ብሎ አዘነ። እትዬ የሺ ሁለቱም አሙኝ ብለው አዘኑ። ጋሽ አስማረ ሁለቱ ስልክ ሲቀንሱባቸው ጊዜ፣ ያቺ ሴትዮ ምን አውርታባቸው ነው ብለው አዘኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላ ነበር፤ እነሱ ግን ጨዋ ስለሆኑ አልተጣሉም። እትዬ የሺ «ወፍጮው ተበላሽቶብኝ ነው፣ ይቅርታ» ብለው ዱቄት ሳይልኩ ቀሩ። ጌጡ «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው፣ ይቅርታ» ብሎ መኪናውን አቆመ። ጋሽ አስማረም «ምድጃው ተሰንጥቆ ነው፣ ይቅርታ» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጠፉ። ደህናው ወፍጮ፣ ደህናው ጎማና ደህናው ምድጃ በየቤታቸው ተቀምጠው ከተማው ዳቦ አጣ።

ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «አንቺ፣ ዳቦውን ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ቤተ መጻሕፍቱን ረግጠው የማያውቁ መምህራን እየመጡ መጽሐፍ የሚፈልጉ መስለው ያዩኝ ጀመር። ባለቤቴ ሻዩን ያለ ምንም ነገር እየጠጣ «ለማወቅ ነው የምማረው ብለሽኝ ነበር» አለ፤ «አሁን ምን አወቅሽ?» መናገር አልችልም አልኩት።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። «ሰዎቹ ሊለያዩ ነው፤ አንዱን ምስጢር ላንዱ ብናገር ይታረቃሉ» አልኩት። በስልኩ ውስጥ የአንገት ልብሱ ሲፈታ የሰማሁ መሰለኝ። «እትዬ! እንዳያደርጉት! የመረጃ ሰጪን ምስጢር ማውጣት ከባድ ጥፋት ነው። ምርምሩ ይሰረዛል!» አለኝ። እንግዲህ ወይ የሰው ሽርክና፣ ወይ ቃሌ። ሽርክናው የነሱ ቢሆንም ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉም የኔ ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ደግሞ እኔ የፈረምኩበትን ነገር የማፈርስ ሰው አይደለሁም፤ ዘግይቶ መጻፍ የተማረ ሰው ፊርማውን ይወዳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተሰየመና እኔም ተጠራሁ። ቦታው የዳቦ ቤቱ መጋዘን ነበር፤ የተቀመጥነውም ባዶ በቀሩት የዱቄት ጆንያዎች ላይ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ ስለለበሱ ምንም አልሆኑም፤ እኔ ጥቁር ኮት ለብሼ ነበር። ሦስቱ ባለቤቶች ሦስት ማዕዘን ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ቄስ ጥበቡ ናቸው፤ ጭራቸውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወሩ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ጠያቂዋ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲህ ዛሬ እኛ እንጠይቅሽ። እነዚህ ሰዎች ስለ ማሽኑ ምን ብለውሽ ነው?»

«መናገር አልችልም፣ አባ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«የምርምር ሥነ ምግባር ነው።»

«ንስሐ አባታቸው ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ ተናገሪ!»

ሦስቱ ባለቤቶች አንድ ላይ ቀና ብለው አዩኝ። በስድስቱም ዓይን ውስጥ ያየሁት ልመና አንድ ነበር፤ በፈጠረሽ፣ እንዳትናገሪ! ገባኝ። ከመለያየቱ በላይ የፈሩት፣ ያ በልባቸው የደበቁት ነገር ፊት ለፊት መውጣቱን ነው። ላብ በጀርባዬ ወረደ፤ ከዱቄቱ ጋር ተገናኝቶ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ድንገት የመማሪያ መጽሐፌ ትዝ አለኝ። ለየብቻ መጠየቅ አለ፤ በቡድን መጠየቅም አለ! የነገሩኝን አላወጣም፤ ግን ሦስቱን እዚሁ፣ ባንድ ላይ፣ ባዲስ መልክ ብጠይቃቸው እነሱ ራሳቸው ያወጡታል። አንዱ «አልፈልገውም» ካለ ሌሎቹ «እኛም!» ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ ይተቃቀፋሉ፤ ያቺ ቅጽበት በዓይኔ ፊት ትወለዳለች። በሐሳቤ እየኮራሁ ተነሳሁ።

«አባ፣ የተነገረኝን አልናገርም። ግን ካስፈቀዱልኝ አንድ ጥያቄ ለሦስቱም በፊታችሁ ልጠይቅ።»

«ጠይቂ።»

«ማሽኑን ትፈልጉታላችሁ ወይ?»

ጋሽ አስማረ እንዲጀምሩ ተደረገ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ የሺን አዩ። ጌጡን አዩ። የሽማግሌዎቹን ነጭ ጋቢ ዙሪያውን አዩ። እኔ ባይኔ «በሉ! በሉ!» እላቸዋለሁ።

«እኔ…» አሉ፤ «እኔ እንግዲህ ለወንድሜና ለእህቴ ብዬ የማልሆነው ነገር የለም። እነሱ ደስ ካላቸው ይገዛ።»

«ኧረ ጋሽ አስማረ!» አለ ጌጡ፤ «ይኸን ያህል ለኛ ካሰቡ እኔ ብቻዬን ወደ ኋላ ልጎትት? ይገዛ!»

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ካፋቸው ላይ አነሱ። እሳቸው ላይ የመጨረሻ ተስፋዬን ጥዬ ነበር። «እኔስ ያማችሁኝ መስሎኝ! ለካ እንዲህ ትወዱኝ ኖሯል» አሉ። «ዛሬውኑ ይታዘዝ!»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፤ ቄስ ጥበቡ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙ፤ እኔንም «የተባረክሽ ሁኚ፤ ጥያቄሽ አስታረቀ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ላያት የተመኘኋትን ቅጽበት እነሆ አየኋት። ውሳኔ ሲወሰን አየሁ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት «ይሁን»፣ አንድም የፈለገ የለም።

በነጋታው ከተማው ዳቦ በላ። ወፍጮው ዳነ፣ ጎማው ተነፋ፣ ምድጃው ገጠመ።

የምርምር ረቂቄን አማካሪዬ አንብቦ በጣም ተደሰተ። «ሙሉ በሙሉ አሳታፊ ውሳኔ! በአንድ ድምፅ!» አለ። እኔ ይሉኝታ የምትል አንዲት ንዑስ ርዕስ ጨምሬ ነበር። እሷ ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ። «እትዬ፣ ይኼ በየትኛው ሞዴል ውስጥ ነው ያለው?» አለኝ። በየትኛውም አላገኘሁትም አልኩት። «እንግዲያው ይውጣ» አለ፤ ወጣ። ተመረቅሁ።

ማሽኑ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ የተመረቀ ዕለት የክብር እንግዳ ሆኜ ተጠራሁ፤ ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ማሽኑ ያማረ ነው፤ አይካድም። ዱቄት ጎረሰ፣ አጉረመረመ፣ ተንፈስ አለ፣ ከዚያም ልክ ልክ የሆኑ፣ መንታ መንታ የሚመስሉ ዳቦዎች እየተከታተሉ ወጡ። ጋሽ አስማረ የመጀመሪያውን ቆርሰው ለሁለቱ ሸሪኮቻቸው አጎረሱ፤ እሳቸውም ጎረሱ። ሦስቱም አላመጡ። አሁንም አላመጡ። አንዳቸውም አልዋጡም። እርስ በርስ እየተያዩ፣ ማን ቀድሞ ምን እንደሚል ይጠባበቃሉ። በዚህ መሐል ጋሽ አስማረ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

ትልቅ ቁራሽ አመጡልኝ። «በይ እህቴ፤ አንቺ ተመራማሪ ነሽ። እውነቱን ንገሪን። እንዴት ነው?»

ጎረስኩ። የተነከረ ጥጥ አላምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም፤ ግን እንደዚያ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። እኔ ማን ነኝ? በእርሳስ ነጥብ የምመልስ፣ ስሕተት አይቼ የማላልፍ፣ ለእውነት ስል አንድ ከተማ ዳቦ ያሳጣሁ ሴት። ጋሽ አስማረ ግን ፊታቸው ላይ ያ ሁሉ ላብ፣ እትዬ የሺ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጌጡ ደግሞ እንደ ፈተና ውጤት እየጠበቀ…

«ግሩም ነው!» አልኩ። «በእጅ ከተጋገረውም ይበልጣል!»

ሦስቱም ባንዴ ዋጡ።

«ይኸው!» አሉ እትዬ የሺ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው፤ «የተማረ ሰው መሰከረ! በሉ ሁለተኛውን ደግሞ አንበሳሜ እንትከለው!»

«ይተከል!» አለ ጌጡ።

«ይተከል!» አሉ ጋሽ አስማረ።

«አይ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ዳቦው ግን ገና አልተዋጠልኝም ነበር። በተዋጠልኝ ጊዜ ሰው ሁሉ ተነስቶ እያጨበጨበ ነው። እኔም አጨበጨብኩ።